ሩብ ሚሊግራም፦ ዲጎክሲንን በማስተዋል ስለ መውሰድ



ፓራሲታሞል የሌለበት ቤት ብዙ አይገኝም። ራስ ምታት የያዘው ሰው የሚውጠው አንዱ ክኒን 500 ሚሊግራም መድኃኒት ይይዛል። የልብ ምቱ ለተዛባ ሕመምተኛ የሚታዘዘው ዲጎክሲን ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በ0.25 ሚሊግራም ክኒን ነው፤ የአንድ ሚሊግራም ሩብ ማለት ነው። 500 ሚሊግራም ዲጎክሲን ቢኖር 2,000 ክኒን ይወጣዋል። በቀን አንድ ለሚውጥ ሰው ከአምስት ዓመት በላይ ያስኬደዋል።

ያቺ ሩብ ሚሊግራም በትክክል ስትወሰድ ያለ ልክ የሚሮጥን ልብ ታረጋጋለች። በእጥፍ ስትወሰድ፣ ወይም ሰውነት ማስወገድ ሲያቅተው ስትከማች፣ ያንኑ ልብ ልታቆመው ትችላለች። የዛሬው ዲስኩር ዋና ጉዳይ ይህ ነው። በዲጎክሲን ጥቅምና ጉዳት መካከል ያለው ርቀት በጣም አጭር ነው። ሐኪሙ ሕመምተኛውን የሚያየው በወር ወይም በሦስት ወር አንዴ ነው፤ ያንን አጭር ርቀት በየዕለቱ የሚጠብቁት ሕመምተኛው ራሱና አብረውት የሚኖሩት ናቸው። ለዚህ ጥበቃ የሚያበቃቸውን ዕውቀት ማግኘት መብታቸው ነው።

መድኃኒቱ የትናንት ግኝት አይደለም። በዚህ ዲስኩር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸውና፣ በ1775 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ፣ ሰውነታቸው ውኃ ቋጥሮ ላበጠ ሕሙማን አንዲት የሽሮፕሻየር ገጠር ባልቴት ስለምትሰጠው የባህል መድኃኒት አስተያየቱን ተጠየቀ። ባልቴቷ ሃያና ከዚያ በላይ ዕፀዋት ትቀላቅል ነበር። ዊዘሪንግ ዕፀዋትን አጥንቶ የሚያውቅ ሰው ስለነበር፣ ሥራውን የሚሠራው ከሁሉም አንዱ፣ ፎክስግለቭ የሚባለው ባለ ሐምራዊ አበባ ተክል መሆኑን ለየ። ከዚያም አሥር ዓመት ሙሉ የተሻለውንም ያልተሻለውንም ሕመምተኛ እየመዘገበ ቆይቶ በ1785 መጽሐፍ አሳተመ።

መጽሐፉን እስከ ዛሬ የሚያስጠቅሰው ደራሲው ጉዳቱን ሳይደብቅ መጻፉ ነው። መድኃኒቱ ሲበዛ ሕመምተኛው እንደሚያስመልሰው፣ እንደሚያዞረው፣ ዕቃዎች ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆነው እንደሚታዩት፣ የልብ ምቱም በደቂቃ እስከ 35 እንደሚወርድ ዘረዘረ። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ እንደታየ መድኃኒቱ እንዲቋረጥም መከረ። ከ200 ዓመት በላይ አልፏል። በ1930 እንግሊዛዊው ኬሚስት ሲድኒ ስሚዝ ከዚያው ተክል ዘመድ ዲጎክሲንን ነጥሎ አወጣ፤ ክኒኑ በፋብሪካ መመረት ጀመረ፤ የደም መጠኑን የሚለካ ምርመራም መጣ። የመመረዝ ምልክቶቹ ዝርዝር ግን ዊዘሪንግ ከጻፈው ብዙም አልተለወጠም።

መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ማየት ኋላ ለሚመጣው ይጠቅማል። በእያንዳንዱ የልብ ሕዋስ ሽፋን ላይ ሶዲየምን ወደ ውጭ እያስወጣች ፖታሺየምን ወደ ውስጥ የምታስገባ ፓምፕ አለች። ስለዚህች ፓምፕ በ1957 የጻፈው ዴንማርካዊው ዬንስ ስኮው በ1997 ከኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚዎች አንዱ ሆኗል። ዲጎክሲን ፓምፗን በከፊል ይይዛታል። ይህ ሲሆን በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ይጨምርና ልብ ጠንከር ብሎ ይኮማተራል። ከዚህ ጎን ለጎን ቬገስ በተባለው ነርቭ አማካይነት ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርደውን የኤሌክትሪክ መልእክት ያዘገያል። ለምት መዛባት የሚታዘዘው በዋናነት ለዚህ ሁለተኛ ሥራው ነው።

ያችን ፓምፕ አብዝቶ መያዝ ምን እንደሚያስከትል የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ከላቦራቶሪ በፊት ያውቁ ነበር። በኢትዮጵያም የሚበቅለው መረንዝ የሚባለው ዛፍ ለፍላጻ መርዝ ሲያገለግል የኖረ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ በ1888 ከዚህ የዛፍ ወገን ያወጣው ዋባይን የተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራው በዚያችው ፓምፕ ላይ ነው፤ ከዲጎክሲን ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። አንዱ የታደነን አውሬ ይጥላል፣ ሌላው ሰው ያክማል። ሁለቱን የሚለያያቸው በዋናነት መጠናቸው ነው።

በአገራችን ይህን መድኃኒት የሚወስደው ማነው? በአውሮፓና በአሜሪካ አብዛኛው ወሳጅ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። በኢትዮጵያ ግን ከወሳጆቹ መካከል ወጣቶችና ገና ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ብዙ ናቸው። መነሻው በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። የጉሮሮው ባክቴሪያ የሚያስነሳው የሰውነት ቁጣ መገጣጠሚያን አልፎ የልብን በሮች ይጎዳል፤ የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ትኩረት ካደረገባቸው ሕመሞች አንዱ ይኸው ነው። በግራ በኩል ያለው የልብ በር ሲጠብ ከበሩ በላይ ያለው ክፍል ደም ይጠራቀምበትና ይለጠጣል። የተለጠጠው ክፍል በጊዜ ብዛት በሥርዓት መምታት ትቶ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚሉት የምት መዛባት ይህ ነው።

ያን ጊዜ የታችኛው ክፍል በደቂቃ 130 ወይም 150 ጊዜ ሊመታ ይችላል። በጠበበው በር በኩል ደም ለመውረድ ጊዜ ያጣል፤ ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ሰውየው ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፤ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ተነሥቶ ይቀመጣል። ዲጎክሲን ይህን ሩጫ ይቀንሳል። መታወቅ ያለበት ግን የተዛባውን ምት ወደ ቦታው አይመልሰውም፣ ፍጥነቱን ብቻ ይገታል። በሚንቀጠቀጠው ክፍል ውስጥ ደም ረግቶ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ እንዳያስከትልም አይከላከልም፤ ያ የዋርፋሪን ሥራ ነው። ዲጎክሲን ጀምሮ ስለተሻለው ብቻ ዋርፋሪኑን የተወ ሰው ራሱን ለትልቅ አደጋ አጋልጧል።

አሁን ወደ ርቀቱ ማጠር እንመለስ። በ1997 ውጤቱ የታተመው ትልቅ ጥናት 6,800 የልብ ድካም ሕሙማንን ተከታትሎ፣ ዲጎክሲን ሆስፒታል የመተኛትን ቁጥር እንደሚቀንስ፣ ሞትን ግን በጥቅሉ እንደማይቀንስም እንደማይጨምርም አሳየ። ከስድስት ዓመት በኋላ የዚያው ጥናት የደም ልኬቶች ሲመረመሩ በወንዶቹ ሕሙማን ላይ ትልቅ ነገር ታየ። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ0.5 እስከ 0.8 ናኖግራም ዲጎክሲን የተገኘባቸው መድኃኒቱን ካልወሰዱት ያነሰ ሞት ነበራቸው፤ 1.2 እና ከዚያ በላይ የተገኘባቸው ደግሞ የበለጠ ሞቱ። በሚጠቅመውና በሚጎዳው መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ናኖግራም አይበልጥም። ብዙ ሐኪሞች ዛሬ ለአረጋውያን በቀን ከ0.125 ሚሊግራም በላይ ማዘዝን የሚሸሹት ለዚህ ነው።

ታዲያ ይህ አጭር ርቀት በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ የት ላይ ይሰበራል? ብዙ ቦታ ሊሰበር ይችላል። አንዱ ግን ከሁሉ በላይ ሊነገር ይገባዋል፤ ጨጓራ ነው።

በዲጎክሲን የመመረዝ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች የሚታዩት ብዙ ጊዜ ከልብ በፊት ሆድ ላይ ነው። ምግብ ይጠላል፤ ያቅለሸልሻል፤ ያስመልሳል፤ ሆድ ይታመማል። ምሳሌ እንውሰድ። የልብ በር ሕመም ያለባት አንዲት እናት ዲጎክሲንና እብጠት የሚቀንሰውን ላዚክስ መውሰድ ከጀመረች ዓመታት ተቆጥረዋል እንበል። ከሳምንት ወዲህ እህል አላሰኝ ብሏታል፤ ወጥ ሲቁላላ ሽታው ያጥወለውላታል። ጎረቤቷ፣ «ጨጓራሽ ነው፤ በርበሬ ተዪ» ትላታለች። እሷም ታምናለች፤ ጨጓራ በሰፈሩ ያልያዘው ሰው የለምና። ወደ አቅራቢያዋ ክሊኒክ ትሄዳለች። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ይደረግላታል። ኤች ፓይሎሪ ተገኘብሽ ተብላ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ተይዞላት ትመለሳለች። ስለ ልቧ የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም፤ የመጣችው ለሆዷ ነው።

ከሦስቱ መድኃኒቶች አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነው። ክላሪትሮማይሲን ዲጎክሲን በአንጀትና በኩላሊት በኩል ከሰውነት የሚወጣበትን ሥርዓት ያግዳል። በየቀኑ የሚገባው ክኒን እንደበፊቱ ይገባል፤ የሚወጣው ግን ይቀንሳል። እናቲቱ የመጣችው ምናልባት ዲጎክሲን ስለበዛባት ነበር። የተሰጣት መድኃኒት ደግሞ ይበልጥ ያበዛባታል። ማቅለሽለሹ ሲብስ፣ «ጨጓራዬ መድኃኒቱን አልቻለውም» ብላ ትታገሣለች።

ነገሩ ግምት አይደለም። በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ዲጎክሲን በሚወስዱ አረጋውያን ላይ የተደረገና በ2003 የታተመ ጥናት፣ በዲጎክሲን መመረዝ ሆስፒታል የገቡት ሕሙማን ካልገቡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ክላሪትሮማይሲን ወስደው የመገኘታቸው ዕድል 12 እጥፍ ያህል እንደነበር አሳይቷል። እዚያ አገር የሕመምተኛው መዝገብ በኮምፒውተር ይያያዛል። እዚህ አገር ሕመምተኛው ከአንዱ መድኃኒት ቤት የገዛውን ሌላው አያውቅም። የሚያያይዘው የሕመምተኛው አንደበት ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ ይሁን። ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው እህል ሲጠላ፣ ሲያቅለሸልሸው ወይም ሲያስመልሰው አስቀድሞ የሚጠረጠረው ዲጎክሲኑ ነው። ጨጓራም ሊሆን ይችላል፤ ያንን የሚለየው ግን የዲጎክሲኑን ነገር የሚያውቅ ሐኪም፣ የልብ ምትና የደም ምርመራ ነው። ወደ ማንኛውም ክሊኒክ ወይም መድኃኒት ቤት የገባ ዲጎክሲን ወሳጅ የመጀመሪያ ቃሉ፣ «የልብ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ስሙ ዲጎክሲን ነው» የሚል ይሁን። ለጥርስም ይሂድ፣ ለጉንፋንም ይሂድ፣ ያው ነው።

ክላሪትሮማይሲን ብቻውን አይደለም። ለምት መዛባት የሚሰጠው አሚዮዳሮን በደም ውስጥ ያለውን ዲጎክሲን ከፍ ያደርገዋል፤ ሁለቱን አብሮ የሚያዝ ሐኪም የዲጎክሲኑን መጠን በሲሶ ወይም በግማሽ ይቀንሳል። ለደም ግፊትና ለምት የሚታዘዘው ቬራፓሚልም እንደዚሁ ነው። ኤሪትሮማይሲንና ለፈንገስ የሚሰጠው ኢትራኮናዞል ከዚሁ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። በተቃራኒው ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ዲጎክሲንን ዝቅ ያደርገዋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረ የልብ ሕመምተኛ ምቱ እንደገና መሮጥ ቢጀምር ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ሕክምናውን ጨርሶ ሪፋምፒሲኑ ሲቆም ደግሞ ያው የዲጎክሲን መጠን ሊበዛበት ይችላል። የነቀርሳ ክሊኒኩና የልብ ክሊኒኩ ስለ አንዱ ሰው እየተነጋገሩ ካልሠሩ፣ አስታዋሹ ሕመምተኛው ነው።

ሁለተኛው የመሰበሪያ ቦታ ኩላሊትና ፖታሺየም ነው። ዲጎክሲን ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በሽንት ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ይፈጅበታል። ኩላሊቱ በጣም ለተጎዳ ሰው እስከ አምስት ቀን ሊሄድ ይችላል። በዚህ ምክንያት የመጠን ለውጥ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ የሚታየው በጤነኛ ኩላሊት እንኳ ከሳምንት በኋላ ነው። ዛሬ የበዛ መጠን ዛሬ ላይታወቅ ይችላል።

ፖታሺየም ደግሞ ከዚያች ፓምፕ ጋር የተያያዘ ነው። ደም ውስጥ ፖታሺየም ሲያንስ ዲጎክሲን ፓምፗን አጥብቆ ይይዛታል፤ የደም ልኬቱ ትክክል ሆኖ እያለም ልብ ሊመረዝ ይችላል። እብጠት ለመቀነስ አብሮ የሚታዘዘው ላዚክስ በሽንት ፖታሺየም ያስወጣል። ተቅማጥና ትውከትም ያስወጣሉ። ኮሶ ጠጥቶ መሻር ወይም ሆድ ለማጽዳት ተብሎ የሚወሰድ ማንኛውም የሚያስቀምጥ የባህል መድኃኒት ለዲጎክሲን ወሳጅ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ነው። ጸበል ለመጠመቅ የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን አቋርጦ አይሂድ፤ እዚያም ሳለ ብዙ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ሳይዘገይ ሐኪም ይየው። የፖታሺየምና የኩላሊት ምርመራ በየክትትሉ መጠየቅ ተገቢ ነው። በራስ ፈቃድ የፖታሺየም ክኒን መግዛት ግን አይገባም። ፖታሺየም ሲበዛም ልብን ይጎዳል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው በተለይ።

ጾምን በተመለከተ ደግሞ መልካም ዜና አለ። ዲጎክሲን ለአዋቂ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው በቀን አንዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያን ወይም በረመዳን የሚጾም ሙስሊም ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ የሚወስድበትን ሰዓት ወደ ማታ ማዛወር ይችላል። የሚያስፈልገው ሰዓቱ አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ እንዳይለዋወጥ ነው። በሙቀት አገር ውኃ ሳይጠጡ መዋል ግን ኩላሊትን ስለሚያደክም፣ ላዚክስ ጭምር የሚወስድ ሰው ስለ ጾሙ ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን አስቀድሞ ያማክር።

አሁን በእጅ የሚሠራ ነገር እናሳይ። የልብ ምትን መቁጠር መሣሪያ አይፈልግም፤ ሰኮንድ የሚቆጥር ሰዓት ወይም ስልክ ይበቃል። ሕመምተኛው አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ይረፍ። ቡና ጠጥቶ ወይም ዳገት ወጥቶ ወዲያው አይቆጠርም። መዳፉን ወደ ላይ ያድርግ። የሌላኛውን እጅ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ከአውራ ጣቱ ግርጌ፣ ክንዱ ላይ፣ ከአጥንቱና ከጅማቱ መካከል ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ያሳርፍ። በአውራ ጣት አይቆጠርም፤ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል። ለስለስ አድርጎ ሲጫን ትርታው ይገኛል። ከዚያ ሙሉ 60 ሰኮንድ ይቁጠር። ለ15 ሰኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለተስተካከለ ምት ይሠራል፤ ለተዛባ ምት ግን ይሳሳታል፤ አንዴ ሦስት ተከታትሎ መጥቶ ቀጥሎ ሊዘገይ ይችላልና።

ቁጥሩን በደብተር ይጻፈው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር። ሐኪሙ ሌላ መጠን ካልወሰነለት በስተቀር፣ አዋቂ ሰው ምቱ በደቂቃ ከ60 በታች ከሆነ የዚያን ቀን ክኒን ሳይውጥ ሐኪሙን ያማክር። ዕረፍት ላይ ሆኖ ከ110 በላይ ከቀጠለም ያማክር። አንድ ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ምልክት አለ። ለዓመታት የተዛባ የነበረ ምት ድንገት እኩል እኩል እየመታ ከዘገመ፣ ሰውየው «ተስተካከለልኝ» ብሎ አይደሰት። በዲጎክሲን ብዛት ከላይኛው ክፍል የሚወርደው መልእክት ተቋርጦ የታችኛው ክፍል ብቻውን መምታት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ይህ በዚያው ቀን ኢሲጂ የተባለው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ የሚያስፈልገው ነገር ነው።

የተረሳ ክኒን ብዙ ሰው ያስጨንቃል። ደንቡ ቀላል ነው። ከመውሰጃው ሰዓት 12 ሰዓት ሳይሞላ ትዝ ካለው ይውሰድ። ካለፈ የዚያን ቀን ትቶ በማግስቱ በመደበኛው ሰዓት አንዱን ብቻ ይቀጥል። ሁለት ባንዴ ፈጽሞ አይወሰድም። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ አንድ ቀን መዝለል ከመደረብ ያነሰ ጉዳት አለው። ወስጄ ይሆን አልወሰድኩም ብሎ የሚጠራጠር ሰውም እንዳልረሳ ቆጥሮ ቢተወው ይሻላል። በየቀኑ የተከፋፈለ የክኒን ሳጥን፣ ወይም በግድግዳ መቁጠሪያ ላይ ምልክት ማድረግ ይህን ጥርጣሬ ያስቀራል።

ክኒኑን ማየትም ልማድ ይሁን። በኤፕሪል 2008 በአሜሪካ አክታቪስ ቶቶዋ የተባለው ፋብሪካ ዲጂቴክ በሚል ስም የሚሸጠውን ዲጎክሲን በሙሉ ከገበያ ሰበሰበ፤ ምክንያቱም ከመካከላቸው ውፍረታቸው እጥፍ የሆኑ፣ መጠናቸውም እጥፍ ሊሆን የሚችል ክኒኖች ወጥተው ሊሆን ስለሚችል ነው። ከዚያ በፊትም በ1971 የታተመ ጥናት በወረቀት ላይ እኩል መጠን የተጻፈባቸው የተለያዩ ፋብሪካዎች ዲጎክሲኖች በደም ውስጥ እስከ ሰባት እጥፍ የሚለያይ መጠን እንደሚያስገኙ አሳይቶ ነበር፤ ቁጥጥሩም ከዚያ በኋላ ጠበቀ። ሕመምተኛው መድኃኒት ቤት ሲገባ የለመደው ክኒን ተለውጦ ካገኘ፣ መልኩ፣ ቅርጹ ወይም ውፍረቱ ሌላ ከሆነ፣ ሳይውጥ ፋርማሲስቱን ይጠይቅ። የፋብሪካ ለውጥ ካለ ለሐኪሙ ይንገር።

ቁጥሩም በጥንቃቄ ይነበብ። ክኒኑ በ0.25፣ በ0.125 እና በ0.0625 ሚሊግራም ይመረታል። ነጥቡን ማሳሳት መጠኑን በአሥር እጥፍ ያሳስታል፤ ለሕፃናት በሚሰጠው ፈሳሽ ላይ ይህ ስሕተት ሕይወት ያስከፍላል፤ ስለዚህ ፈሳሹ በማንኪያ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው መለኪያ ይሰጥ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ የሚልከው ዕቃ ላይ ደግሞ መጠኑ በማይክሮግራም ሊጻፍ ይችላል። 250 ማይክሮግራምና 0.25 ሚሊግራም አንድ ናቸው፤ 125 ማይክሮግራም ግማሹ ነው። የተላከው ከተለመደው ጋር መመሳሰሉን ፋርማሲስት ሳያይ አይጀመር።

የጊዜ ማብቂያው ላይም ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዕቃው ላይ የሚታተመው ዓመት የአውሮፓውያን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የለመደ ሰው 2024 የሚል ጽሑፍ ሲያይ ገና ዓመታት እንደቀሩት ሊያስብ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን ጊዜው አልፎበታል። የታመመ አያትን የምታስታምም ልጅ ይህን አይታ ብታስተካክል ትልቅ ሥራ ሠራች ማለት ነው። ዕቃው ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። አዋቂን የሚያክም ክኒን ሕፃንን ሊገድል ይችላል።

የጎረቤትን የልብ ክኒን መዋስ የሚያስከትለውን ሁለት ነገሮች ያሳዩናል። የመጀመሪያው፣ ከተወለዱ ጀምሮ በልባቸው ውስጥ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ መንገድ ያላቸው ሰዎች አሉ። ዲጎክሲን ለእነዚህ ሰዎች የተለመደውን መንገድ አዘግይቶ መልእክቱን በተጨማሪው መንገድ ስለሚያበዛ ልባቸውን ወደ ገዳይ ሩጫ ሊወስደው ይችላል። ሁለተኛው በአሜሪካ በ1989 የተቋረጠው ካስት የተባለው ጥናት ነው። ከድንገተኛ የልብ ጥቃት የተረፉ ሰዎች የምት መዛባታቸው ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ በተባሉ ሌሎች የምት መድኃኒቶች ሲጠፋ ዕድሜያቸው ይረዝማል ተብሎ ታስቦ ነበር። ምቱ ተስተካከለ፤ ሞቱ ግን ጨመረ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63ቱ ሲሞቱ፣ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው 743 የሞቱት 26 ነበሩ። የምት መድኃኒት ለማን እንደሚጠቅም በኢሲጂና በሐኪም ውሳኔ እንጂ በምልክት መመሳሰል አይታወቅም።

ይህን ሁሉ ሸክም በሕመምተኛው ላይ ብቻ መጫን ፍትሐዊ አይደለም። ሐኪሙ ማዘዣውን ሲጽፍ የመድኃኒቱን ስም፣ ለምን እንደታዘዘና የሚያስጠነቅቁ ምልክቶቹን ሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ ይንገረው፤ ከዚያም ሕመምተኛው በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ያድርግ። ፋርማሲስቱ በዕቃው ላይ «1x1» ብሎ ከመጻፍ አልፎ «ጠዋት አንድ ክኒን፤ የልብ ምት ከ60 በታች ከሆነ አይውሰዱ» ብሎ በሚነበብ ፊደል ይጻፍ። ክላሪትሮማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን ከመስጠቱ በፊት፣ «እናቴ፣ የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በዲጎክሲን የተጎዳ ሰው ሲያጋጥመውም የጤና ባለሙያው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት ያድርግ፤ የሚቀጥለውን ሰው የሚያድነው ያ መዝገብ ነው።

በመጨረሻ፣ መቼ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንደሚሮጥ ግልጽ ይሁን። ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ራሱን ከሳተ ወይም ሊስት ከቀረበ፣ ምቱ ከ50 በታች ከወረደ፣ የሚያያቸው ነገሮች ቢጫ ከሆኑበት ወይም በመብራት ዙሪያ ክብ ብርሃን ከታየው፣ ግራ ከተጋባና የሚናገረው ካልተያያዘ፣ ማስመለሱ ካላቆመ፣ ወይም በስሕተት ብዙ ክኒን ከዋጠ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለውም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። ቤተሰቡ ሦስት ነገር ይያዝለት፦ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነዕቃቸው፣ የምት መመዝገቢያ ደብተሩን፣ የመጨረሻውን ክኒን የወሰደበትን ሰዓት። ሰዓቱ የሚያስፈልገው ክኒኑ ከተዋጠ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የተወሰደ ደም ትክክለኛውን መጠን ስለማያሳይ ነው። ከ1976 ጀምሮ ዲጎክሲንን በደም ውስጥ ይዞ የሚያስወግድ ፀረ እንግዳ አካል ሰዎችን ከሞት ሲያስመልስ ቆይቷል፤ ዋጋው ከፍተኛ በመሆኑ ግን በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም። እሱ በሌለበት ቦታም በጊዜ ለደረሰ ሕመምተኛ ክኒኑን ማቆም፣ ፖታሺየሙን ማስተካከል፣ ምቱን በኢሲጂ መከታተልና ለዘገመ ልብ አትሮፒን መስጠት ብዙ ሰው ያድናል። ለዚህ ሁሉ ግን ሐኪሙ በቅድሚያ አንድ ነገር መስማት አለበት፤ ሕመምተኛው የሚወስደው ዲጎክሲን መሆኑን።